በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ በጀጎል ውስጥ ሲፈተሽ

ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገዝቼ ሦስት ወር በሐረር የሠራሁበት ባለ ሁለት ድግግሞሽ (ሁለት ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል) የጂፒኤስ መቀበያ በገላጣ ስፍራ ያለ እንከን ያገለግላል፤ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ ግን ማሳያው ላይ የሚወጣውን «3 ሜትር» የሚል ቁጥር አምኖ ድንበር ማካለል አይገባም። ቁጥሩ መሣሪያው ራሱ የሚያወጣው የስሕተቱ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም።

ከኤረር በር ውጭ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት ስከታተለው ነጥቡ ከሦስት ሜትር በላይ አልተንቀሳቀሰም። የልብስ ሰፊዎቹ ድምፅ ወደማይቋረጥበት፣ «መኪና ግርግር» ወደሚባለው የጀጎል መንገድ ስገባ ግን፣ አንድ ቦታ ቆሜ ሳለሁ ካርታው ግድግዳ አሻግሮ ሰው ግቢ ውስጥ አስገባኝ።

ምክንያቱ መሣሪያው ርቀትን የሚያሰላው በጊዜ መሆኑ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው የአቶም ሰዓታቸውን ጊዜና ያሉበትን ስፍራ ያሠራጫሉ፤ መቀበያውም ሞገዱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ከእያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። ሦስት ርቀቶች በበቁ ነበር፤ ነገር ግን የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ስለሚያዛባና የመቀበያው ሰዓት ይህን ያህል ትክክለኛ ስላልሆነ፣ የራሱን ሰዓት የሚያርምበት አራተኛ ሳተላይት ያስፈልገዋል። በጀጎል መንገድ ደግሞ ከግንቦቹ መካከል የሚታየው ሰማይ እንደ መቀነት የቀጠነ ነው፤ የሚታዩት ሳተላይቶች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ከግድግዳ ተንፀባርቆ የሚመጣው ሞገድም ዘግይቶ ስለሚደርስ ርቀቱ ከእውነተኛው በዝቶ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ድግግሞሽ በዋናነት የሚያርመው አዮኖስፌር የተባለው የከባቢ አየር ክፍል በሞገዱ ላይ የሚያመጣውን መዘግየት ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ መዘግየቱ ትልቅና ተለዋዋጭ ነው። ባለ አንድ ድግግሞሽ የነበረው የቀድሞ መሣሪያዬ ከቀትር በኋላ ሲዋዥቅ ይህኛው ረግቶ ይቆያል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ የከፈልኩት ገንዘብ አልቆጨኝም። ባትሪው ውሎ ያድራል፤ ማሳያውም በፀሐይ ይነበባል።

ለእርሻ ማሳ፣ ለመንገድና ለውኃ ጉድጓድ ምዝገባ ያለ ሥጋት እንዲገዛ እመክራለሁ። ሦስት ሜትር የአንድ ክፍል ስፋት በሆነበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ በሚጋራበት ጀጎል ግን ነጥቡን ሰማይ በሚታይበት በፈረስ መጋላ አደባባይ እወስዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን ሜትር ዘርግቼ በእጄ እለካለሁ።