ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ከቀብድ በፊት እኚህን ግንበኛ አማክሩ

ይህን የምጽፈው አንድ ግንበኛ ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል። "ስሜን ከጻፍሽ ስልኬ እረፍት አይሰጠኝም፤ የጀመርኩት ሥራም ያድራል" አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። አባይ ማዶ ያላችሁ ግን ማን እንደሆኑ ሳትገምቱ አትቀሩም። ቱምቢያቸውን ኪሳቸው ሳይከቱ ቡና እንኳ የማይጠጡት ሰውዬ ናቸው።

እኔ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። ከኪራይ ለመውጣት ያለውን ጣጣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እቁብ ደረሰን፣ ወርቄ ተሸጠ፣ ቤተሰብም የአቅሙን ጨመረልን። ያም ሆኖ በያዝነው ብር መሃል ከተማ ቤት መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ፊታችንን ወደ አባይ ማዶ አዞርን።

አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ደላሎች አንድ ዘፈን ይዘዋል። "ከድልድዩ በእግር አምስት ደቂቃ" የማይባል ቤት የለም። ቤዛዊት ተራራ ሥር ያለውም አምስት ደቂቃ ነው፤ ወደ ዘንዘልማ መንገድ ያለውም አምስት ደቂቃ ነው። ድልድዩ ራሱ 380 ሜትር ነው፤ እሱን ብቻ ለመሻገር አምስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው!

ብቻ ከብዙ መንከራተት በኋላ አንድ ቤት ወደድን። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ሳሎኑ ሊሾ፣ ግድግዳው ልስን ሆኖ ቀለሙ ገና የሚሸት። ደላላው "ነገ ሌላ ሰው ቀብድ ያስይዛል" እያለ ያጣድፈናል። ባለቤቴ ልቡ ተነስቷል። የሚውልበት ተራ ላይ ያለ አንድ ጓደኛው ነው "መጀመሪያ ለጋሼ አሳያቸው" ያለው።

ጋሼ ሲመጡ ወደ ውስጥ አልገቡም። በውጭ በኩል ዞሩ። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ከላይ ወደ ታች እያንኳኩ ሄዱ። ወገብ ድረስ ድምፁ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግን ባዶ፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ሰጠ። ከኪሳቸው ረዘም ያለ ሚስማር አወጡና ሻጩን "ይፈቀድልኛል?" አሉት። ሰውየው ዝም አለ። ልስኑ በተሰነጠቀበት በኩል በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። ሚስማሩ ያለ መዶሻ እስከ አናቱ ገባ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ የተጣበቀው የእንጨት ብናኝ እንደ ፈላ ሻይ ቅጠል ጠቁሮ ረጥቧል።

"ምሰሶው የለም። ቤቱን ያቆመው ቀለሙ ነው" አሉን።

ነገሩን ያስረዱን እዚያው ቆመው ነው። ጭቃ ግድግዳ ይረጥባል፣ ይደርቃል፤ ተፈጥሮው ነው። ላዩ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ከሥር የሚሳበው እርጥበት መውጫ ያጣል። ባሕር ዛፉ ተደብቆ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመቸዋል። በዚያ ላይ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረት ከሌለው ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ "ቀለም ሲቀባ ይጠፋል" የሚላችሁን አትመኑ።

ቀጥለው ውኃ በጀሪካን አስመጡና በረንዳው ጫፍ ላይ ደፉት። ውኃው ወደ መንገድ ይሄዳል ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብሎ ወደ በሩ መጣ። አጠገባችን የጎረቤት ልጅ ቆሞ ነበር። "ማሙሽ፣ ክረምት ላይ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?" አሉት። ልጁ ጉልበቱን አሳየ። ሻጩ በዓይኑ ሊበላው ደረሰ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦይ ሲሞላ የትኛው ሰፈር ላይ ውኃ እንደሚተኛም ከተማው ያውቀዋል። ቤት የምናየው ግን በበጋ ነው። ለዚህ ነው ጋሼ ሁልጊዜ የጎረቤትን ግድግዳ የሚያዩት። ሻጭ የራሱን ግድግዳ ይቀባል፣ የጎረቤቱን አይቀባም። እውነትም አጥር ተሻግሮ ባለው ቤት ላይ ውኃው የደረሰበት ቡናማ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ደላላው ተቆጣ። "እርስዎ ግንበኛ ነዎት ወይስ ገበያ አፍራሽ?" አላቸው። ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ሜትራቸውን አውጥተው ግቢውን መለካት ጀመሩ። የካርታውን ኮፒ አስይዘውን ስለነበር አንድ በአንድ አስተያዩት። ማድ ቤቱ ግማሽ በግማሽ ከካርታው ውጪ ነው።

እሳቸው የሕግ ሰው አይደሉም፤ ነኝም አይሉም። ግን ቤት ሲሠሩና ሲያፈርሱ ስለኖሩ የት ላይ ሰው እንደሚወድቅ ያውቃሉ። "መሬት አትገዙም፣ የምትገዙት ቤቱን ነው" ይላሉ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ከከተማው ዳር "የገበሬ መሬት ነው፣ ርካሽ ነው" ብሎ የሚመጣን ሰው በር ላይ መልሱት ባይ ናቸው። ካርታ ካለ ደግሞ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ውጪ ከድሮ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ) ብላችሁ ጠይቁ። አዋጅ 721/2004 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ እንዲገባ ይላል። ይህን የሚነግር ደላላ እኔ አላጋጠመኝም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይሁን። የሻጭ ሚስት ወይም ባል ይፈርሙ፤ የውርስ ቤት ከሆነም ወራሾቹ በሙሉ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት አስተዳደር ሳይረጋገጥ ብር አይውጣ። ቀብድም ቀልድ አይደለም። በፍትሐብሔር ሕጋችን ገዢ ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ሲቀይር እጥፉን ይመልሳል። እኛ ያን ቤት ቀብድ ሳናስይዝ ተውነው። ለቀብድ ልንሰጠው የነበረው ብር የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

የገዛነውን ቤት ማንም አይወደውም። ቀለም የለውም፣ ግቢው ድንጋይ ነው፣ በሩ ሲከፈት ይጮሃል። ጋሼ ግን ገና ከመንገድ ሲያዩት ፊታቸው ፈካ። ቦታው ከፍ ይላል፤ ጭቃው የተመረገው በድንጋይ መሠረት ላይ ነው። ሚስማራቸው ብዙዎቹ ምሰሶዎች ላይ አልገባም አለ። በስተጀርባ በኩል ያሉት ብቻ ተበልተዋል። ሽንት ቤቱና የውኃ ጉድጓዱ ተቀራርበዋልና "ከዚህ ጉድጓድ ልብስ እጠቡበት እንጂ እንዳትጠጡ" አሉን። የጥገናውን ወጪ ገምተው ስለነገሩን ከሻጩ ጋር ስንደራደር በእጃችን የምንይዘው ነገር ነበረን። ዋጋ ቀነሰልን።

ጥገናውንም ራሳቸው ሠሩት። የበሰበሱትን ምሰሶዎች ለወጡ፣ የጣሪያውን ክፍክፍ አስረዘሙ፣ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው በድንጋይ ደለደሉት። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ቀናት አሳደሩት። እኔ በሲሚንቶ ይለሰን ብዬ ለምኜ ነበር። "ልጄ፣ ጎረቤት እንዲያይልሽ ነው ወይስ ልትኖሪበት?" አሉኝ። በምርጊትና በኖራ ጨረሱት። ክረምቱ አልፏል፤ ውኃው በቦዩ ሄደ፣ ግድግዳችን ከሥሩም ደረቅ ነው። የተረፈውን ሚስማርና ሽቦ ቆጥረው አስረክበውኛል። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ካያችሁ ንገሩኝ።

ደላላ ኮሚሽን ላካፍልዎት ሲላቸው እምቢ እንደሚሉ ከደላሎቹ ራሳቸው ሰምቻለሁ፤ በምሬት ነው የሚያወሩት። የሚቀበሉት የአንድ ቀን ሒሳባቸውን ነው። ቤቱን ግዙ ቢሉም አትግዙ ቢሉም ክፍያው ያው ነው።

ለማመስገን ብዬ ግን አልዋሽም። ጋሼ ያረፍዳሉ። ጠዋት እመጣለሁ ብለው ከምሳ በኋላ የመጡበት ቀን አለ። እሑድ አይሠሩም፣ በ12 ሚካኤል አይሠሩም፣ በ21 ማርያም አይሠሩም፤ የሰፈሩ ንግሥ ሲደርስማ ጭራሽ አታገኟቸውም። ሥራቸው ላይ ቆማችሁ አስተያየት ከሰጣችሁ ዕቃቸውን ሰብስበው ሊሄዱ ይችላሉ። ባለቤቴ ሞክሮት አይቷል፤ ሽማግሌ ልከን ነው የመለስናቸው። ፎቅ፣ ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ መስመር አይነኩም። "እሱን የተማረ ይሥራው" ይላሉ። ለጭቃ ቤትና ለተራ ብሎኬት ግን እንደሳቸው ያለ ሰው እዚህ ሰፈር አላየሁም።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሳቸውን ጠይቄ ፈቃዳቸው ከሆነ አገናኛችኋለሁ። የካርታውን ኮፒ ያዙ። መሰላል ከጎረቤት ተዋሱ፤ ጣሪያ ላይ ሳይወጡ ሐሳብ አይሰጡም። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቅር አይላቸውም። ለማየት ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይገኛሉ። ለሥራ ከሆነ ግን ከፋሲካ በፊት አትልፉ፤ የጎረቤታችንን ቤት ጀምረዋል።