ሰፈር ለቀየረ ልጅ የሚሆን ተከታታይ ልብ ወለድ

ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለገባ ልጅ የእንግሊዝኛ ማንበቢያ የሚፈልግ ወላጅ «ዘ ቤቢ-ሲተርስ ክለብ»ን ቢይዝ አይቆጭም። የአን ኤም. ማርቲን ተከታታይ በ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2000 እስኪያበቃ ድረስ ዋናው ብቻ 131 መጽሐፍ ደርሷል። ላይ ላዩን ሲያዩት የሰው ልጅ እየጠበቁ ገንዘብ የሚያገኙ ልጃገረዶች ታሪክ ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን አንዷ ቤት በቀየረች ቁጥር ጓደኝነቱ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ይመላለሳል።

131ዱን መሰብሰብ ከንቱ ድካም ነው። ለዚህ ጉዳይ አምስቱ ይበቃሉ። በቁጥር 1 አራት ጓደኛሞች፣ ክሪስቲ፣ ክላውዲያ፣ ሜሪ አንና ስቴሲ፣ ልጅ የሚጠብቁበትን ክለብ ያቋቁማሉ። በቁጥር 4 አራቱ ተኳርፈው ሳለ ዶውን የምትባል ልጅ ከካሊፎርኒያ ትመጣለች፤ ለአዲስ ገቢ ልጅ ከሁሉ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። በቁጥር 6 የክሪስቲ እናት ታገባና ቤተሰቡ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ይዛወራል። ከዚያ ወዲያ ክሪስቲን በመኪና የሚያመላልሳት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሒሳቡም ከክለቡ መዋጮ ይከፈለዋል። (መዋጮው ዕጣ የሚወጣበት ዕቁብ አይደለም፤ ወደ ዕድር ይጠጋል።) በቁጥር 13 ስቴሲ ወደ ኒውዮርክ ትመለሳለች፤ በቁጥር 28 ወላጆቿ ሲፋቱ ከእናቷ ጋር ተመልሳ ትመጣለች።

ስብሰባው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ከ11፡30 እስከ 12፡00 ነው። ክላውዲያ መኝታ ቤት የሚሰበሰቡት እሷ የራሷ የስልክ መሥመር ስላላት ነው፤ ደንበኛ የሚደውለው በዚያ ነው። በሞባይል ዘመን የተወለደ ልጅ ይህ ካልተነገረው ግራ ይጋባል። ልጅ ጠብቆ መከፈልም እንግዳ ይሆንበታል፤ እዚህ ታላቅ እህት በነፃ የምትሠራው ነዋ!

ምዕራፍ 2 በየመጽሐፉ አባላቱን አንድ በአንድ ያስተዋውቃል። ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ቢዘለል የሚቀር ነገር የለም። በየመሀሉ የሚገቡት የክለቡ ማስታወሻዎች በእጅ ጽሑፍ መልክ የታተሙ ስለሆኑ ቅጥልጥል ፊደል ያልለመደ ልጅ ይቸገራል፤ መጀመሪያ ላይ አብሮ ማንበብ ይሻላል። በተለይ የክላውዲያ ማስታወሻ ሆን ተብሎ በፊደል ስሕተት የተሞላ ነው። ልጁ ቃላት ከዚያ ገልብጦ እንዳያጠና አስቀድሞ ይነገረው።

ሲገዙ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። በሥዕል የተሠራው ቅጂ የራሱ አቆጣጠር አለው፤ የሥዕሉ ቁጥር 3 የልብ ወለዱ ቁጥር 4 ነው። «ሊትል ሲስተር» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ስለ ክሪስቲ የእንጀራ እኅት ስለ ካረን የተጻፈ፣ ለትንንሾች የሚሆን ሌላ ተከታታይ ነው። አሮጌ ቅጂ ከሆነ መሀሉን ቀስ ብለው ይክፈቱት፤ ሙጫው ደርቆ ከተሰነጠቀ ገጾቹ ይረግፋሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ መኖሩን ሳያዩ ሒሳብ አይክፈሉ።