ኮምቦልቻ፦ የሚነበብ መጽሔት፣ ገና ብዙ የሚቀረው የካሪየር ክበብ

ኮምቦልቻ በሚገኝና በካቶሊክ ሚሲዮን ሥር በሚተዳደር አንድ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚያዘጋጁትን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የዘንድሮ እትም አንብቤያለሁ፤ ተማሪዎችን ለሥራ ፍለጋ የሚያዘጋጀው የካሪየር ክበብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የምክር አገልግሎት ላይም ተገኝቻለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ቢሠሩም አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቅ አይመስልም፤ ዋናው ቅሬታዬም ይኸው ነው።

መጽሔቱ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በስቴፕለር የተያያዘ፣ ስለ መልኩ ብዙም ያልተጨነቁለት ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሰፈሩት የፍቅር ግጥሞች ቤት ለመምታት ሲሉ ሐሳብ የሚጥሉ በመሆናቸው ቶሎ ቢታለፉ አይቆጭም። መሐል ላይ ያለው አጭር ልቦለድ ግን ረጋ ተብሎ ሊነበብ ይገባዋል። ታሪኩ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት የምትሠራ ወጣትን ይከተላል፤ ጸሐፊዋም ስለ ድካም አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ልጅቷ ከፈረቃ ተመልሳ እራት ስትቀርብ የእንጀራውን ጠርዝ ሳታስበው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ስታጥፈው ታሳየናለች። ተማሪዎቹ ስለ አስተዳደጋቸው የጻፏቸው ትዝታዎችም ጾሙንና ረመዳኑን እንደ ኖሩት ከመተረክ አልፈው ስለ ወሎ መቻቻል ዲስኩር አላበዙም (ዲስኩሩን በየመድረኩ ለሰማን ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው)።

የካቶሊክ መምህራንና የተማሪ ጽሑፍ በአገራችን የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳዊው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ሲሆኑ፣ በዚያው ግቢ በ1950ዎቹ በ«ኮሌጅ ቀን» የሚነበቡ ግጥሞች የድሃውን ኑሮ እያነሡ ባለሥልጣናትን አስቆጥተዋል። የኮምቦልቻው መጽሔት ያን ያህል ደፋር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዓይኑን ከከተማው አልነቀለም።

ወደ ካሪየር ክበቡ ስንመጣ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ግዴታ በመሆኑ ተማሪዎች የሚመጡት ቀድሞውኑ ተጨንቀው ነው። ክበቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ከኢንተርኔት በወረደ የሲቪ ቅጽ ላይ «ታታሪ» እና «በቡድን መሥራት የምችል» የሚሉ ቃላትን በማስሞላት ነው። ደግነቱ የቃለ መጠይቅ ልምምዱ ይሻላል። አንዲት ተማሪ ራስሽን አስተዋውቂ ስትባል የሸመደደችውን መዘርዘር ስትጀምር፣ አማካሪው አቋርጠዋት «ባለፈው ዓመት ጀምረሽ የጨረስሽውን አንድ ሥራ ንገሪኝ» አሏት። ጥቂት ዝም ብላ፣ ለመጽሔቱ ማሳተሚያ ደሴ ፒያሳ ድረስ ሄዳ ከባለ ሱቆች ማስታወቂያ መሰብሰቧንና ሒሳቡን የያዘችውም እርሷ መሆኗን ተናገረች። «ታዲያ ሲቪሽ ላይ የት አለ?» ሲሏት፣ «እሱማ የክበብ ነገር ነው ብዬ ነው» አለች። አማካሪው ሲቪውን እዚያው አስተካከሉላት፤ ሌሎቹ የመጽሔቱ አዘጋጆች ግን በዕለቱ አልነበሩም፤ የጠራቸውም ሰው የለም።

መጽሔቱን ያለማመንታት ግዙ እላለሁ። ክበቡን በተመለከተ፣ ሲቪ ለማሠራት ብቻ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መምጣት አያስፈልግም፤ ለቃለ መጠይቅ ልምምዱ ከሆነ ግን የትራንስፖርቱን ወጪ ያካክሳል። ወረፋው ስለሚረዝም አስቀድሞ መመዝገብ ይመረጣል።