የአዲስ አበባ ሊስትሮ፦ ጫማ ማስጠረግና የዕቁብ ምክር

ከውጭ አገር ለእረፍት ስትገቡ ከምትጠቀሙባቸው አገልግሎቶች ውስጥ ለከፈላችሁት ብር አብልጦ የሚሰጣችሁ የሊስትሮ ወንበር ነው። ጫማችሁ ይጠራል፤ በዚያው መሀል የቀን ገቢ ያለው ሰው ገንዘቡን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ትሰማላችሁ። ይህን ምክር ከየትኛውም ባንክ አላገኛችሁትም።

መጀመሪያ ስለ ጫማው። ሥራውን የሚያውቅ ሊስትሮ ካልሲያችሁ እንዳይነካ በጫማውና በቁርጭምጭሚታችሁ መሀል ቁራጭ ካርቶን ይሰካል። አቧራውን በደረቅ ቡሩሽ ያራግፋል፣ በሳሙና ውሃ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል፤ ቀለም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙ ትንሽ ከያዘ በኋላ በቡሩሽ ይፈገፍገውና በተወጠረ ጨርቅ ይወለውለዋል። ሳጥኑን በቡሩሹ ጀርባ ኳ ኳ ሲያደርግ ሌላውን እግር አምጡ ማለቱ ነው።

ጫማ የሚበላሸው በጥድፊያ ነው። በክረምት ጭቃ የበላው ቆዳ ሳይደርቅ ከተቀባ ቀለሙ አይይዝም፤ በማግስቱ ነጭ ነጭ ይሆናል። ሳሙናው በደንብ ካልተጠረገም እንደዚያው ነው። ጥቁር የነካ ቡሩሽ ቡናማ ጫማ ላይ ካረፈ ስፌቱ ውስጥ የገባው ጥቁር በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ «የቡናማው ቡሩሽ ይሄ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፀጉራም ቆዳ (ሱዊድ) ውሃም ቀለምም ሊነካው አይገባም፣ ደረቅ ቡሩሽ ብቻ ይበቃዋል። ሶሉ ከተላቀቀ ደግሞ ማስቲሽ ብቻውን አይዘልቅም፤ ዙሪያውን በወስፌ እንዲሰፋላችሁ ጠይቁ። ዋጋውን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ መልስ ፍለጋ ሥራውን ጥሎ እንዳይሮጥ ባለ 10 እና ባለ 50 ብር ያዙ።

አሁን ወደ ጨዋታው። ፖለቲካ ወይም የቤተሰብ ችግር ከጠየቃችሁት በጨዋ ደንብ መልሶ ዝም ይላል። «ወንድሜ፣ ዕቁብ ትጥላለህ?» ብትሉት ግን ወሬው ይከፈታል። በዕድሜ ጠና ያለ ከሆነ «ጋሼ» በሉት፣ አንቱ እያላችሁ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። 20 ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል አንዱ ዕጣ 10,000 ብር ነው፤ ዕቁቡም በ20 ሳምንት ያልቃል። ዳኛና ፀሐፊ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይነካም። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ የጣለው 500 ብቻ ስለሆነ 9,500ው የሌሎች ገንዘብ ነው፤ ዕቁብ የሚፈርሰውም እንዲህ ያለው ሰው ወስዶ ሲቀር ነው። የመጨረሻው ባለ ዕጣ ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሞ፣ ዋጋ በንሮበት ይደርሰዋል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም። አጭር ዕቁብ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ምክር ግን የመጣያውን መጠን የሚመለከት ነው፦ ዕቁብ የሚለካው በክፉ ቀን ገቢ ነው። በበዓል ዋዜማ ደንበኛ ይሰለፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ሳጥኑም አይከፈትም። የዋዜማውን ገቢ አይቶ በቀን 200 ብር የሚጣልበት ዕቁብ የገባ ሰው ዝናብ ሲውል ለመጣል ይበደራል፣ ብድሩን ከነገው ገቢ ይከፍላል፣ ነገም ከዘነበ ቁጠባው ራሱ ዕዳ ይሆንበታል። ብልሁ በ50 ብር ገብቶ የደህናውን ቀን ትራፊ ለብቻ ያስቀምጣል። ሌላም አለ፦ ብሩ ምን እንደሚሠራበት ዕጣው ሳይወጣ መወሰን አለበት። ያልተወሰነበት ብር በእጅ ሲገባ ጠያቂው ብዙ ነው፤ ሲበተን ሳምንት አይፈጅም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሐበሻ ዕቁብ ይጥላል። የመኪናና የቤት ክፍያችንን ግን ብዙዎቻችን የምንለካው በኦቨርታይም ደመወዝ ነው፤ ሰዓት ሲቀነስ ክፍያው አይቀነስም። የሊስትሮው ሚዛን ለእኛም በቀጥታ ይሠራል። ካለፉት 12 ወራት ትንሹ የገባበትን ወር ውሰዱ፤ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስና አገር ቤት የምትልኩትን ቀንሱ። አዲስ ወርሃዊ ክፍያ ከቀረው በላይ ከሆነ አትፈርሙ፣ ሻጩ ምንም ቢያባብላችሁ።

ለጨዋታ የሚመቸው ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ገቢው ስለሚሻማ ለወሬ ጊዜ የለውም። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ጠይቁት፤ እንቢ ካለ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ሌላ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ካያችሁም ወንበሩን ልቀቁለት፣ ቁጭ ብላችሁ የምታወሩበት ሰዓት የእሱ ገቢ ነው።