ድሬ ላይ ፊቴን ሌዘር ተሠራሁ፤ ጥሩውም መጥፎውም ይኸውላችሁ

ክሊኒኩ ከዚራ አካባቢ ነው። የማማርርበት ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። የሄድኩት ለግንባሬና ለዓይኔ ዳር መስመሮች ነው። ዕድሜ ብቻ አይደለም ያመጣቸው፤ የድሬ ሰው ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ላይ ዓይኑን እያጠበበ ነው የሚኖረው።

ሐኪሟን ወድጃታለሁ። ፊቴን በደንብ ሳታይ ስለ ዋጋ አላወራችም። ማድያት ነበረብሽ? ቁስል ሲድን ጥቁር ምልክት ይተውብሻል? ለብጉር የሚዋጥ መድኃኒት ትወስጃለሽ? እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። (ልጄ የምትሆን ናት፣ ግን "አንቺ" ነው የምትለኝ። ድሬ ነዋ! አንቱታ የሚያምረው ሌላ አገር ይሂድ።) እኔም በተራዬ ማሽኑ ምንድነው አልኳት። ኤንዲ ያግ የሚባል የሌዘር ዓይነት ነው፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር አለችኝ። ይህን ሳትጠይቁ እንዳትተኙ። ቆዳችንን የሚያጠይመው ሜላኒን የሌዘሩን ብርሃን ከመጠጠው ቆዳው ይቃጠላል፤ 1064 ላይ ግን ሜላኒኑ ብዙም ስለማይመጥጠው ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚሻለውም ለዚህ ነው። አይፒኤል የሚባለው ደግሞ ሌዘርም አይደለም፣ ኃይለኛ የመብራት ብልጭታ ነው፣ እኛን በቀላሉ ሊያቃጥለንና ሊያጠቁረን ይችላል። "ሁሉም ያው ነው" ካሏችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ።

ሥራው ቶሎ ያልቃል። ጥቁር መነጽር ያደርጉልሻል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይልብሻል፣ ልክ ሽንኩርት ስታቁላዪ ዘይት እንደሚፈነጥቀው። መቁረጥ የለ፣ ፋሻ የለ። ፊቴ ቀልቶ ትንሽ አበጠ፣ በነጋታው ሄደ።

ውጤቱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሙቀቱ ከሥር ያለውን ቆዳ አዲስ ኮላጅን (ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን) እንዲሠራ ነው የሚቀሰቅሰው፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። የዓይኔ ዳር ስስ መስመሮች ለስለስ ብለዋል። ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው ጥልቅ መስመርና አገጬ ሥር የላላው ቆዳ ግን ንቅንቅ አላሉም።

አሁን ወደ ብሶቴ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ "አንዴ ከተሠራሽ ሃያ ዓመት ትቀንሻለሽ" ብላ ሙሉ ፓኬጅ ቅድሚያ ልታስከፍለኝ ነበር፤ ሐኪሟ ደግሞ ውስጥ ስገባ ተደጋጋሚ ሕክምና እንደሚያስፈልግና ለውጡም መጠነኛ እንደሆነ ነገረችኝ። ተነጋገሩ እንጂ! ከሁሉ የባሰው ቀጠሮው ነው። በቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በድሬ ፀሐይ! የቀላ ፊት ይዤ መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አስቡኝ። ከሌዘር በኋላ ፀሐይ ማለት ጥቁረት መጋበዝ ነው። ሳንስክሪኑ የመከላከያ መጠኑ (SPF) ቢያንስ 30 ይሁን፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፣ ሻሹንም ሳብ አድርጉት። ቀሲል (የቅጠል ዱቄቱን) የምትቀቡ ደግሞ ቅላቱ ሳይጠፋ ፊታችሁን እንዳትፈትጉበት።

እመለሳለሁ ወይ? ሐኪሟ ካለች አዎ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቀጠሮ ከሰጡኝ። ፓኬጁን ግን አልገዛም፣ በየጊዜው እየከፈልኩ ፊቴን እያየሁ እወስናለሁ።