ለእኅቴ ሠርግ የቪዲዮና የፎቶ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ታናሽ እኅታችንን በምንኖርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥለን ድረናል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የሠርጉን ቪዲዮና ፎቶ ለሠራችልን ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንዲሁም በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም የምትኖሩና በመጪው ጥር ለመዳርም ሆነ ለማግባት የምታስቡ ሁሉ ለሌላ ሰው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እርሷን እንድታነጋግሩ በብርቱ ለመጠቆም ነው። በሠርጉ ማግስት ያልጻፍኩት ሥራው ተጠናቅቆ እጃችን እስኪገባ መጠበቅ ስለነበረብኝ ነው፤ በራሴ ሠርግ የደረሰብኝ ነገር አስቀድሞ ማመስገንን አስፈርቶኛል።

የእኔ ሠርግ ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። በአንድ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉ ትልልቅ ፎቶዎች ተማርኬ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ከፈልኩ፤ ባለቤቱም «እኔ ራሴ እመጣለሁ» ብሎ ቃል ገባልኝ። በሠርጉ ዕለት ግን እርሱ አልመጣም። በምትኩ የተላከው ወጣት ስማችንን እንኳ አልተነገረውም፤ የደረሰውም እኔ ከሚዜዎቼ ጋር ከቤት ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ እናቴ እንባዋን እየጠረገች ስትሸኘኝ የሚያሳይ አንድም ምስል የለኝም። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በኋላ ገባኝ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሠርግ ስለማይደገስ፣ ድግሱ ሁሉ በጥርና ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ባሉት ሳምንታት ላይ ይደራረባል፤ በዚያ ወቅት አንዳንዱ ለአንድ ዕሑድ ሦስት ሠርግ ይቀበልና ያገኘውን ልጅ ሁሉ ካሜራ አሲዞ ይልካል። ያን ወጣት ዛሬም አልወቅሰውም። የበደለኝ ላኪው ነው።

በሁለት ወር ይደርሳል የተባለው አልበምና ቪዲዮ ሳይደርስ መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፤ ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር መልሱ ኮሮና ሆነ። በአሥራ አራተኛው ወር፣ ከተዋዋልነው በላይ ጨምሬ ከከፈልኩ በኋላ ተረከብኩት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲከፈት አባታችን በአንድ ዓይናቸው ጥቂት ጥቂት ያዩ ስለነበር ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስጠጋንላቸው። ጉልበታቸውን ስመን የመረቁን ቦታ ላይ ሲደርስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ እጃቸው ከራሳችን በላይ ተዘርግቶ ይታያል፣ ድምፃቸው ግን የለም፤ ከላዩ ዘፈን ተጭኖበታል። አባታችን ጥቂት ዝም ብለው «ድምፄስ?» አሉ። የሚመልስላቸው አልነበረም። በማግስቱ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ልጠይቅ ስሄድ፣ ካርዱ ለሌላ ሠርግ ስለተፈለገ መሰረዙን እንደ ተራ ነገር ነገሩኝ። ያ ምርቃት በዚያው ቀረ።

አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በአሰብ መስመር ተመላልሰዋል፤ ሞተር ሲታመም አስቀድመው የሚያውቁት በጆሯቸው እንደነበረ አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ከራሳቸው ሠርግ ያላቸው ማስታወሻ በ1976 ዓ.ም. የተነሡት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም ዛሬ አያዩትም። ግላኮማ ከዳር ከዳር እየሸረፈ የሚመጣና የወሰደውን የማይመልስ በሽታ ነው፤ ሕክምና የጀመሩት ዘግይተው ስለነበር በ2014 ዓ.ም. የቀረችው ብርሃን ጠፋች። ስለዚህ የእኅቴ ሠርግ ሲታሰብ ስለ ቪዲዮ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ እናንተ እዩት» ይሉ ነበር። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ያመኝ ነበር።

ባለሙያዋን ያገኘናት የልጇን ክርስትና በቀረጸችላት ጎረቤታችን በኩል ነው። ከዘመዶቻችን መካከል ሴት ልጅ ካሜራ ተሸክማ ከንጋት እስከ ምሽት እንዴት ትችለዋለች ያሉ ነበሩ፤ እነዚሁ ሰዎች ዛሬ ስልኳን እየጠየቁኝ ነው። ከሠርጉ ሳምንት አስቀድማ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቤታችን ድረስ መጣች። የደረጃውን ጥበት፣ ብርሃን በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚገባ፣ ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ አየች። ስለ ሌንስና ስለ መብራት ከወንድሟ ጋር የተነጋገሩት ለእኔ አልገባኝም፤ የገባኝና የማልረሳው ሻይ እየጠጣን የጠየቀችን ጥያቄ ነው፦ «ከቤተሰባችሁ ዕድሜው የገፋ፣ የታመመ፣ ከሩቅ የሚመጣ ማን አለ? ማን እንዳያመልጠኝ ትፈልጋላችሁ?» የሌላው ባለሙያ ጥያቄ ስንት መኪና እንዳለንና ፎቶ የምንነሣው በየትኛው መናፈሻ እንደሆነ ብቻ ነበር።

እናታችን ምንጃር ያለችውን አክስታችንን ጠቀሰች፣ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ አባታችን ዓይን ነገረቻት። ባለሙያዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፤ በርጩማውን አንሥታ ከአባታችን ወንበር አጠገብ ተቀመጠችና «አባባ፣ ከሠርጉ ምን ምን መስማት ይፈልጋሉ?» አለቻቸው።

ይህን ጥያቄ ልጆቻቸው የሆንን እኛ አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም። አባታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። የእኅታቸውን የአክስታችንን ዘፈን አወጣጥ ፈለጉ። ከዱከም የሚመጣው አጃቢ ጡሩምባ እያሰማ ወደ ግቢው ሲታጠፍ ፈለጉ። በመጨረሻም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ከገባን ስምንት ዓመታችን ነው። ስትወጣም ስትገባም ልጄን በእርምጃዋ አውቃታለሁ። ያን ቀን ስትሄድ ከደረጃው ላይ የጫማዋን ድምፅ ብታስቀሪልኝ።» ሁሉንም በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈች።

የሠርጉን ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ አብራን ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥርዓተ ተክሊሉ ሲፈጸም ቀደም ብላ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቃ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሴቶች በኩል ቆመች፣ ወንድሟን በወንዶች በኩል አቆመችው፣ የካሜራ ፍላሽም አላበሩም። ካህናቱ ፊት እየተሽሎከለኩ ጸሎት የሚያውኩ ብዙ ቀራጮች ስላየሁ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከዱከም የተነሣው አጃቢ በገላን በኩል ባለው በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪኖች መካከል ተይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ፤ ሁላችንም ስንጨነቅ እርሷ በዚያች ክፍተት አረጋውያኑን ጥላ ሥር አስቀምጣ በየተራ ፎቶ አነሣቻቸው። የአክስታችን ምርጥ ፎቶ፣ ሹሩባዋ ከነጠላዋ ሥር ወጥቶ ከልቧ ስትስቅ የሚያሳየው፣ የተነሣው ያኔ ነው።

ሙሽራው ደርሶ ሁለቱም ጉልበት ሊስሙ ሲንበረከኩ፣ ከአባታችን ካፖርት ኮሌታ ሥር ትንሽ ማይክ እንደተሰካ ከእኔና ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምርቃቱ ሲያበቃ እኅቴ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ነበረባት። በደረጃው ላይ ሰው ተጨናንቋል፣ እልልታው ግድግዳውን ያናውጠዋል። በዚህ ጊዜ ባለሙያዋ እጇን አነሣችና፣ ሳትጮህና ማንንም ሳትገፋ፣ «እናቶቼ፣ ለአባቷ ስትሉ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ዝም በሉልኝ» አለች። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ሙሽራው እጇን ይዟት ወረደች፤ የተሰማው የጫማዋ ተረከዝ ሲሚንቶውን ሲመታና የቬሎዋ ጫፍ ደረጃውን ሲጠርግ ብቻ ነበር። ከላይ በራፉ ላይ እጃቸውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ አባታችን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እያንዳንዷን እርምጃ ተከተሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ እልልታው እንደገና ፈነዳ።

ማታ ድንኳን ውስጥ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠሩ መብራቶቿን አውጥታ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ጄኔሬተር እስኪመጣ ድረስ ሰዎቻችን የተመገቡት በእርሷ ብርሃን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ መዘርዘር እችላለሁ።

የውሉ ቀን 45 ነበር፤ በ40ኛው ቀን አልበሙንና ቪዲዮውን ራሷ ይዛልን መጣች። ሰብሰብ ብለን አየነው፤ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሁሉ ቃል በቃል ይሰማል፣ ዘፈን የተጨመረው ማንም በማይናገርበት ቦታ ብቻ ነው። ልትሄድ ስትል ከቦርሳዋ ሌላ ትንሽ ፍላሽ አወጣችና በአባታችን መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ምስል የለበትም፤ ለጆሮ ብቻ የተዘጋጀ፣ መዝሙር በሚሰሙበት ፍላሽ በሚቀበለው ሬዲዮናቸው የሚከፈት፣ ከሃምሳ ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ድምፅ ነው። ሬዲዮው ላይ ስንሰካው በመጀመሪያ የተሰማው የራሷ ድምፅ ነበር፦ «አባባ፣ ይህ ከዱከም የመጣው አጃቢ ወደ ግቢው ሲገባ ነው።» ከዚያም ጡሩምባው ቀጠለ። በየክፍሉ መጀመሪያ እንዲሁ ታስረዳቸዋለች፤ ይህ እኅትዎ ስትዘፍን ነው፣ ይህ እርስዎ ሲመርቁ ነው፣ ይህ ልጅዎ ደረጃውን ስትወርድ ነው። የገዛ ምርቃታቸው ሲደርስ፣ «አብርሃም ወሣራ ያድርጋችሁ» የሚለው ቃላቸው ከሬዲዮው ጥርት ብሎ ወጣ፤ አባታችንም ራሳቸው ለራሳቸው ምርቃት «አሜን» አሉ። ለዚህ ሥራ ልከፍላት ብለምናት አንዲት ብር አልቀበልም አለች።

እባካችሁ፣ ይህችን ሴት አነጋግሯት። ዋጋዋ በሠፈራችን ካሉት ሁሉ ዝቅተኛ ነው ብዬ አላታልላችሁም፤ ነገር ግን በጽሑፍ ትዋዋላለች፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሠርግ በላይ አትቀበልም፣ ራሷ ትመጣለች። ቀረጻው በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ ላይ እንደሚቀመጥና በዚያው ሌሊት ሳትተኛ ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች እንደምትገለብጠው ነግራኛለች፤ አሠራሩን ባላውቀውም በእኔ ላይ የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ መሆኑን ግን በሚገባ ተረድቻለሁ። ድሮን የምትፈልጉ ካላችሁ ያለ ፈቃድ እንደማታበር አስቀድማ ትነግራችኋለች፤ በዚህ አትቀየሟት። ከማንም ጋር ብትዋዋሉም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዕለቱ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነና ያልተቆረጠው ቀረጻ ስንት ወር እንደሚቀመጥላችሁ። እኔ ባለመጠየቄ ያጣሁትን አይታችኋል።

ስሟንና ስልኳን እዚህ ያልጻፍኩት ከዚህ በፊት ቁጥሯ በአደባባይ ተለጥፎ ከሥራ ውጭ በሚደውሉ ሰዎች ስለተቸገረች እንዳላደርገው ስለለመነችኝ ነው። የምር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የሠርጋችሁን ቀንና ቦታ ከነገራችሁኝ እርሷን አስፈቅጄ በዚያው ቀን አገናኛችኋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስንነጋገር ከጥር ዕሑዶች ሁለቱ ተይዘውባታል፤ ስለዚህ ጥር ላይ ሠርግ ያላችሁ መስከረምን አትጠብቁ።