ማሽኑ በራሱ እንዲቆም ማድረግ፦ ሊኑክስ ሲኤንሲ ከሜሳ ካርድ ጋር፣ ከወራት ሥራ በኋላ

ዎርክሾፓችን ያለው ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) እንጨትና ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ቦርድ)፣ አንዳንዴም አሉሚኒየም ይቆርጣል። የቀድሞ ኮንትሮለሩን አውጥተን በሊኑክስ ሲኤንሲ፣ ማለትም ማሽን በሚመራ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ተክተነዋል። ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ካርድ በኤተርኔት የሚገናኘው ሜሳ 7አይ76ኢ ነው፤ ሞተሮቹ ኢንኮደር (መዞራቸውን የሚለካ ሴንሰር) ያላቸው ክሎዝድ ሉፕ ስቴፐሮች ናቸው። ስለ ፍጥነቱና ስለ አቆራረጡ የተባለ ሞልቷል፣ እኔም ቅሬታ የለኝም። እዚህ የምጽፈው ማሽኑ መሥራት ከጀመረ በኋላ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ነገር ነው፦ ችግር ሲፈጠር ማሽኑ በራሱ እንዲቆም ስለሚያደርጉት ሴቲንጎች።

ዋናው ፎሎዊንግ ኤረር የሚባለው ነው። አክሲሱ (አንዱ የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ) መድረስ ከነበረበት ቦታ ምን ያህል እንደቀረ ኮንትሮለሩ በየ1 ሚሊሰከንዱ ያያል፤ ከተፈቀደው ካለፈ ድራይቮቹን (ሞተሮቹን የሚነዱትን መሣሪያዎች) ያጠፋል። ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ በሙሉ ፍጥነት የሚፈቀደው፣ ሌላው በዝግታ ሲሄድ የሚፈቀደው ትንሹ። በመሀል ያለው ከፍጥነቱ ጋር እየተመጣጠነ ይሄዳል። እኔ 1 ሚሜ እና 0.2 ሚሜ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ በግማሽ ፍጥነት ግማሽ ሚሊ ይፈቅዳል። ከዚህ በጣም ማጥበቅ ትርፉ ድካም ነው። በደቂቃ 6 ሜትር የሚሮጥ አክሲስ በ1 ሚሊሰከንድ 0.1 ሚሜ ስለሚጓዝ፣ የአንድ ዙር መዘግየት ብቻውን ያን ያህል ስህተት ሆኖ ይታያል።

ችግሩ ግን እንደኛው ባለ ማሽን ላይ ይህ ጥበቃ ዕውር መሆኑ ነው። ካርዱ ለድራይቩ ፐልስ (ሞተሩን አንድ እርምጃ የሚያስኬድ የኤሌክትሪክ ምት) ይልካል፤ ለኮንትሮለሩ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚለውም ያንኑ የላከውን ፐልስ ቆጥሮ ነው። ቢቱ (መቁረጫው) ጠንካራ እንጨት ነክሶ ሞተሩ ቀጥ ቢል እንኳ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። እውነቱን የሚያውቀው ኢንኮደሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የተገናኘው ከድራይቩ ጋር እንጂ ከካርዱ ጋር አይደለም። ስለዚህ ከድራይቩ የሚወጣውን የአላርም ሽቦ ወደ ካርዱ ኢንፑት አምጥቶ፣ በሃል ፋይሉ (ምልክቶች እርስ በርስ የሚገናኙበት የሊኑክስ ሲኤንሲ ፋይል) ላይ ከየጆይንቱ (ከየሞተሩ) «አምፕ ፎልት ኢን» (የድራይቭ ብልሽት ምልክት መቀበያ) ጋር ማገናኘት የግድ ነው። ይህ ሽቦ በብዙ ማሽን ላይ ጫፉ በቴፕ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ባለሙያ የሁሉንም ድራይቭ አላርም በተከታታይ አያይዞ በአንድ ኢንፑት ያስገባዋል። ይሠራል፤ የትኛው ሞተር እንደቆመ ግን አይነግራችሁም። ካርዱ 32 ኢንፑት አለው፣ ምን አስቆጠበን? የኛ ዋይ አክሲስ በግራና በቀኝ ሞተር የሚጎተት ስለሆነ ጉዳዩ የባሰ ነው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ከቀጠለ መቁረጫውን የተሸከመው ድልድይ ይጣመማል። አሁን አንዱ ፎልት ሲሰጥ ሁሉም አክሲስ አብሮ ይቆማል።

ሊሚት ስዊቾቹን (የጉዞው ጫፍ ላይ ያሉትን) ኖርማሊ ክሎዝድ (ካልተነኩ ዝግ የሆኑ) አድርጉ፤ ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል፣ ይኸው ነው። የሚያሰለቸው የስፒንድሉ (ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) ኢንቨርተር፣ ማለትም ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ የሚረጨው ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው። ያለ ምክንያት ደጋግሞ የሚቆም ማሽን ከማይቆመው የማይተናነስ አደጋ አለው፤ ኦፕሬተሩ ሲመረው አንድ ቀን ስዊቹን ዘሎ ሽቦውን ዳይሬክት ያገናኘዋል። መጀመሪያ ሺልድ ያለው ኬብል፣ ደህና ግራውንድ፣ ከዚያ ነው ዲባውንስ (ምልክቱ ጸንቶ መቆየቱን ጠብቆ መቀበል)። ዲባውንሱን 5 ሚሊሰከንድ ካደረጋችሁት ከላይ ባልኩት ፍጥነት ግማሽ ሚሊ ዘግይቶ ያያል፣ ይህ አይጎዳም። ሶፍት ሊሚት (በፕሮግራሙ የተሰጠው የጉዞ ወሰን) ደግሞ ሆም ካልተደረገ (ማሽኑ መነሻ ቦታውን ካላገኘ) በስተቀር እንደሌለ ቁጠሩት።

መብራት ሲሄድ የሚሆነውን ወድጄዋለሁ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ነው፣ ድራይቮቹና ባለ 24 ቮልቱ ፓወር ሰፕላይ አይደሉም። መብራት እንደሄደ የተዘጉት የአላርም መስመሮች ሁሉ ይከፈታሉ፣ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ የደረሰበት መስመር ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ሞተሮቹ ኃይል ስላጡ ቦታቸው አይታመንም፤ ከመቀጠል በፊት እንደገና ሆም ማድረግ ያስፈልጋል። ዚ አክሲስ ላይ ከባድ ስፒንድል ያለው ሰው፣ ኃይል ሲጠፋ በስፕሪንግ የሚይዝ ብሬክ ያስገጥም፤ አለዚያ ጭንቅላቱ ሥራው ላይ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ራሱ ቢደርቅ ወይም የኤተርኔት ኬብሉ ቢነቀል ደግሞ የካርዱ ዋችዶግ (ከኮምፒውተሩ መልእክት መቋረጡን የሚከታተል ሰዓት) አለ። በፋብሪካ ሴቲንጉ 5 ሚሊሰከንድ ጠብቆ አውትፑቶቹን ሁሉ ያጠፋል። ኬብሉን ነቅዬ ሞክሬዋለሁ፣ ቀጥ ይላል።

የኢመርጀንሲ ቁልፉን ግን ለሶፍትዌር አትስጡት። የኛ ቁልፍ ኮንታክተሩን (ዋናውን የኃይል ማብሪያ ሪሌ) በቀጥታ ይቆርጣል፤ ኮምፒውተሩ እንደቆመ ይነገረዋል እንጂ ፈቃዱን አይጠየቅም።

ለረጅም ጊዜ ሳይታሰብ የሚታለፈው ቀዳዳ ስፒንድሉ ነው። ኮንትሮለሩ «ስፒንድል አት ስፒድ» (ስፒንድሉ የታዘዘው ፍጥነት ላይ ደርሷል) የሚለውን ምልክት የሚጠብቀው ስፒንድሉ ከተነሳ ወይም ፍጥነቱ ከተቀየረ በኋላ፣ ከመጀመሪያው የመቁረጥ እንቅስቃሴ በፊት ነው። በመሀል ኢንቨርተሩ ፎልት ሰጥቶ ስፒንድሉ ቢቆም አክሲሶቹ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ፣ ቢቱም ይሰበራል። ኢንቨርተሩ ላይ ያለውን የፎልት ሪሌ ወደ ካርዱ አምጥታችሁ ከ«ሞሽን ፊድ ኢንሂቢት» ጋር አያይዙት፤ ፎልት ሲመጣ ፊዱ (የአክሲሱ የመጓዣ ፍጥነት) ወደ ዜሮ ይወርድና አክሲሱ ባለበት ይቆማል፣ ድራይቮቹ ስላልጠፉም ቦታው አይጠፋም።